ፒልስ ስትረሺ ስንት ብቻ ሳይሆን የቱ ጋ እንደረሳሽም ቁጠሪ

«ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ነሽ? 24 ዓመቴ ነው፣ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ባለቤቴ ያለው ሶዶ ነው፤ የምንገናኘው ወይ እሱ ሲመጣ ወይ እኔ ስሄድ ነው። ትንሽ ገንዘብ እስክንይዝ ብለን ለጊዜው ልጅ አንፈልግም። ፒልስ መውሰድ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቡናማዎቹ ያሉበትን። የመጨረሻዋን ቡናማ ሐሙስ ማታ ወሰድኩ፣ አርብ ማታ አዲሱን ፓኬት መጀመር ነበረብኝ። ግን አርብ ጠዋት ለመስቀል ሶዶ ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ። ፓኬቱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ አማቴ ቦርሳዬን ቢከፍቱ ምን እላቸዋለሁ ብዬ። አንድ ሁለት ቀን ምንም አይልም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ነበርን፣ ያለ ኮንዶም። ሰኞ ተመልሼ ማታ አንዷን ዋጥኩ። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ልጆች አንዷ የዘለልሻቸውን ሦስቱንም በአንዴ ዋጪ ትለኛለች፣ ሌላዋ ፓኬቱን ተይውና ፔሬድሽ ሲመጣ ጀምሪ ትላለች። አሁን ትንሽ ትንሽ ደም እያየሁ ነው። ደም ካየሁ አላረገዝኩም ማለት ነው አይደል? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እባክሽ ቶሎ መልሽልኝ።»

የኔ እህት፣ መልእክትሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ይሄ ጉዳይ ዓምዱ እስኪወጣ የሚጠበቅ ስላልሆነ አጭሯን መልስ በዚያው ሰዓት በግል ልኬልሻለሁ። እዚህም ልድገማት፣ ይሄን የምታነብ ሌላ ሴት ዛሬ አንቺ የነበርሽበት ቦታ ላይ ልትሆን ትችላለች። አሁኑኑ ፋርማሲ ሂጂና ፖስት ፒል፣ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ገዝተሽ ዋጪ። ሰኞ የጀመርሽውን ፒልስ አታቋርጪ፣ በየቀኑ አንድ። ለሚቀጥሉት 7 ቀናት ግንኙነት ካለ በኮንዶም ይሁን። ከዚያች ቅዳሜ ማታ 3 ሳምንት ሲሞላ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ዋናው ይሄ ነው።

አሁን ለምን እንደዚያ እንዳልኩሽ ላስረዳሽ። ምክንያቱን ካወቅሽው ሌላ ጊዜ ከጓደኛ ጓደኛ እየጠየቅሽ አትጨነቂም።

ፓኬቱን አውጪና ፊትሽ አስቀምጪው። 28 ፍሬ አለው፣ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት ሰባት። ከጀርባው ቀስት ታትሞበታል፣ አቅጣጫውን የሚያሳይሽ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች፣ 21ዱ፣ መድኃኒቱ ያለባቸው ናቸው፤ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች አሉባቸው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉት 7 ቡናማዎች ግን ሆርሞን የሚባል ነገር የለባቸውም። አይረን ነው፣ ደም ስለሚፈስሽ ለመተካት። ደግሞም በየቀኑ የመዋጥ ልማድሽ እንዳይቋረጥ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ቡናማዎቹን ስትወስጂ እርግዝናን የሚከላከል ነገር እየዋጥሽ አይደለም። ያን ሳምንት የሚጠብቅሽ ከዚያ በፊት በትክክል የዋጥሻቸው 21ዱ ናቸው፣ ከዚያ ደግሞ አዲሱን ፓኬት በቀኑ መጀመርሽ።

ሆርሞኑ ዋና ሥራው እንቁላል እንዳይወጣ ማድረግ ነው። የእንቁላል ማምረቻሽን፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉትን፣ ያስተኛዋል። በደንብ እንዲተኛ 7 ተከታታይ ክኒን ያስፈልጋል። አንዴ ከተኛ በኋላ 7 ቀን ሆርሞን ባያገኝም እንደተኛ ይቆያል፤ ቡናማዎቹ ከ7 ያልበለጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ከ7 ቀን ካለፈ ግን ቀስ በቀስ መንቃት ይጀምራል፣ እንቁላል ያበስላል፣ ሊያወጣም ይችላል።

እስቲ አሁን የአንቺን ቁጠሪ። ቡናማ የወሰድሽባቸው 7 ቀናት አሉ። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ሲጨመሩ 10። አንቺ የጻፍሽልኝ ሦስት ዘለልኩ ብለሽ ነው፣ ሰውነትሽ የቆጠረው ግን 10 ቀን ነው።

ብዙ ሴት የምትሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ደጋግሜ የምጮኸው ስለዚህ ነው። ፓኬቱ መሀል ላይ አንድ ፍሬ የረሳች ሴት ደንግጣ ስትሮጥ ትመጣለች። አዲሱን ፓኬት ሦስት ቀን ያዘገየች ግን ገና አልጀመርኩም እንጂ አልረሳሁም ብላ ታስባለች፣ ምንም ያመለጣት አይመስላትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፓኬቱ መሀል ላይ፣ 10ኛዋ ወይም 11ኛዋ ጋ፣ አንድ መርሳት ቀላል ነው። ከቡናማዋ ቀጥሎ ያለችውን የመጀመሪያዋን ማዘግየት፣ ወይም ከቡናማዎቹ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን መዝለል ነው አደገኛው፣ ምክንያቱም ያ ቀድሞም ጫፉ ላይ የነበረውን የ7 ቀን እረፍት ያስረዝመዋል። ከ28ቱ ውስጥ አንዷን ብቻ እንዳትረሺ ብባል የምመርጥልሽ የአዲሱን ፓኬት የመጀመሪያዋን ነው።

ሌላው ደግሞ የወንድ ዘር በሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ እንቁላል ባይኖርም፣ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ቢወጣ ሊገናኙ ይችላሉ። ሰኞ ማታ ፒልሱን በመጀመርሽ ብቻ ነገሩ አለቀ ያላልኩሽ ለዚህ ነው። ይሄን ስልሽ ግን አርግዘሻል ማለቴ አይደለም። እንቁላል ጭራሽ ላይወጣም ይችላል። ዕድሉ አለ፣ መቀነሻውም በእጅሽ ነው፣ ያውም ጊዜው ሳያልፍ።

ወደ ፖስት ፒል እንምጣ። ውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን 1.5 ሚሊ ግራም። አንዳንዱ ማሸጊያ አንድ ፍሬ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ 0.75 የሆኑ ሁለት ፍሬዎች አሉት። ሁለት ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጪ፣ ሌላዋን ለነገ አታሳድሪ። በቶሎ በተወሰደ መጠን የተሻለ ይሠራል። በ3 ቀን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እስከ 5 ቀንም ይወሰዳል፣ ግን አቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። አንቺ ማክሰኞ ከሰዓት ስትጽፊልኝ 72 ሰዓት አልሞላሽም ነበር፣ ለዚህ ነው ሥራ ወጥቼ ነገ እሄዳለሁ እንዳትዪ ያልኩሽ። ከዋጥሽ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ድጋሚ መውሰድ አለብሽ። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ጡት ማመም ሊኖር ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

ፋርማሲ ገብተሽ ለማንም ታሪክሽን መናገር የለብሽም። ፖስት ፒል ስጡኝ በይ፣ የሚያበቃበትን ቀን እይ፣ በቃ። ከሰፈርሽ ያለው ፋርማሲ የሚያውቅሽ ሰው አለ ብለሽ ካፈርሽ ባጃጅ ይዘሽ ፒያሳ ሂጂ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ግን እፍረቱ አንድ ቀን እንዲያስጠፋሽ አልፈልግም።

ፖስት ፒል ማስወረጃ ነው የሚሉሽ ይኖራሉ። አይደለም። የሚሠራው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። እርግዝና ቀድሞ ከተፈጠረ አያቋርጠውም፣ ፅንሱንም አይጎዳም። እዚህ ላይ ህሊናሽ ተጨንቆ ከሆነ ተረጋጊ። ማህፀን ያደርቃል የሚባለውም እውነት አይደለም። በየጊዜው እሱን እየገዙ መኖር ግን ጥሩ አይደለም፣ መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ከመደበኛው መከላከያ አንጻር ደካማ ስለሆነና የወር አበባን ስለሚያዛባ። ስሙ ድንገተኛ ነው፣ ለድንገተኛ ይሁን።

ከፖስት ፒል የሚበልጥ ነገርም አለ፣ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት ልጻፈው። ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው፣ መዳብ ያለው። ጥንቃቄ ከሌለው ግንኙነት በኋላ በ5 ቀን ውስጥ በባለሙያ ከገባ ከየትኛውም ድንገተኛ ክኒን የተሻለ ይከላከላል፤ ከዚያ ደግሞ እዚያው ሆኖ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፣ መውለድ ስትፈልጊ ይወጣል። ውፍረት ላላቸው ሴቶች በተለይ እመክረዋለሁ፣ ሌቮኖርጀስትሬል እነሱ ላይ ስለሚደክም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። ሁለቱም አስበውልሽ ነው፣ ግን ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሦስቱን በአንዴ መዋጥ ያመለጠሽን ቀን አይመልስም፣ ሆድሽን ገልብጦ ያስመልስሻል፣ ካስመለሰሽ ደግሞ የዋጥሽውም ባክኖ ቀረ። አንድ ረስተሽ ሁለት በአንድ ቀን የሚወሰድበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ በላይ ግን የለም። ፓኬቱን ትተሽ ፔሬድ ጠብቂ ያለችሽ ግን ይበልጥ አስፈርታኛለች። እስኪመጣ ስትጠብቂ 10 የነበረው 20 ይሆናል፣ ያን ሁሉ ቀን ምንም መከላከያ የለሽም። የረሳች ሴት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፦ አሁን አንድ ዋጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

አንቺ ሰኞ ያደረግሽው ልክ ነው። ገና አዲስ ፓኬት ስለሆነ የሚጣልም የሚዘለልም ፍሬ የለም፣ ከመጀመሪያዋ ጀምረሽ ተራውን ትሄጃለሽ። የፓኬትሽ መነሻ ቀን ከአርብ ወደ ሰኞ ተዛወረ ማለት ነው፣ አዲሱን ቀን እዚያው ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው። ፖስት ፒል የወሰድሽበት ቀንም ፒልስሽ አይቀርም፣ በሰዓቱ ትዋጣለች። ኮንዶሙን ግን ፖስት ፒል ከወሰድሽ በኋላ 7 ቀን ቁጠሪለት።

ደሙን በተመለከተ እንዳትዘናጊ። ሆርሞን ሲቋረጥም ሲጀመርም ነጠብጣብ ደም ይታያል፣ ፖስት ፒልም ያመጣዋል። ቡናማ ሳምንት ላይ የምታዪው ደምም ቢሆን ሆርሞኑ ስለቀነሰ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ደም አየሁ ማለት አላረገዝኩም ማለት አይደለም፣ አርግዣለሁ ማለትም አይደለም። መልሱን የሚሰጥሽ ምርመራው ነው። ከቅዳሜዋ 3 ሳምንት ሲሞላ፣ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት፣ ከፋርማሲ በሚሸጠው መመርመሪያ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደሽ። ከዚያ በፊት ብትመረመሪ እርግዝና ቢኖር እንኳ የለም ሊልሽ ይችላል፣ ያን ይዘሽ ደግሞ ትዘናጊያለሽ። ውጤቱ አለ ቢል ፒልሱን አቁሚና ጤና ጣቢያ ሂጂ። እስከዚያ የዋጥሽው ፅንሱን ጎድቶት ይሆን ብለሽ ግን አትሸበሪ፣ ሳያውቁ የወሰዱ ብዙ እናቶች አሉ፣ ጉዳት እንደማያመጣም ይታወቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከታችኛው ሆድሽ በአንድ በኩል ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ከማዞር ጋር፣ ምንም ሳትጠብቂ ሆስፒታል።

ለሌሎቻችሁ፣ ሁኔታችሁ ከእሷ ለሚለየው፣ ደንቡን እንዲህ ያዙት። አንድ ብቻ ከረሳሽ ባስታወስሽበት ሰዓት ዋጪ፣ የዛሬዋንም በሰዓቷ ዋጪ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም ችግር የለውም። ኮንዶምም ፖስት ፒልም አያስፈልግሽም። ቡናማ ከሆነ የረሳሽው ጭራሽ አትጨነቂ፣ ያቺን ጣያትና ቀጥዪ፣ አዲሱን ፓኬት ብቻ በቀኑ ጀምሪ። ብዙ ከሆነ የረሳሽው ግን አንድ አሁን ትውጫለሽ፣ ሌሎቹን የረሳሻቸውን ትጥያለሽ፣ በየቀኑ ትቀጥያለሽ፣ 7 ተከታታይ ክኒን እስክትውጪ ኮንዶም ትጠቀሚያለሽ። ብዙ ስንት ነው ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው መመሪያ 3 እና ከዚያ በላይ ይላል። የአንዳንድ አገሮች መመሪያ ግን ከ2 ጀምሮ ተጠንቀቁ ይላል። እኔ ለሚጠይቁኝ ከ2 ጀምሮ ነው የምለው፣ 7 ቀን ኮንዶም መጠቀም ማንንም አይጎዳም።

ብዙ የረሳሽው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሆኖ ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ከነበረ፣ የዚህች እህታችን ጉዳይ ነውና ፖስት ፒል ወይም ሉፕ አስቢ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት በደንብ ስትወስጂ ከነበረ፣ ስጋቱ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ ጤና ጣቢያ ብትጠይቂ አይከፋም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ቀሪዎቹን ሆርሞን ያለባቸውን ጨርሺ፣ ቡናማዎቹን ጣያቸው፣ በማግስቱ በቀጥታ አዲስ ፓኬት ጀምሪ። ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ፣ እረፍቱ እንዳይረዝም ነው። ያን ወር ፔሬድ ላይመጣ ይችላል፣ ደሙ ውስጥሽ አልተጠራቀመም፣ አትፍሪ።

ሳይረሱ እንደረሱ የሚቆጠርበት ጊዜም አለ። ክኒኗን ዋጥሽ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ አስመለሰሽ፣ ሌላ ዋጪ። ትውከት ወይም ኃይለኛ ተቅማጥ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ ብዙ እንደረሳሽ ቁጠሪና 7 ቀኑን ኮንዶም ተጠቀሚ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደሽ ጥሬ ዓሣ በዳጣ በልተሽ ሁለት ሦስት ቀን የታመምሽ እንደሆነ ፒልስሽንም አስቢው ማለቴ ነው፣ ይሄን ማንም አያስታውስም። መድኃኒትም እንዲሁ። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንደ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም የፒልሱን አቅም ያዳክማሉ። የፖስት ፒሉንም ያዳክሙታል። እነዚህን የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ ትንገርና ሌላ መከላከያ ይመረጥላት። አሞክሳሲሊን የመሰለ የተለመደ አንቲባዮቲክ ግን አያዳክምም፣ እሱን ስትወስጂ ፒልሱን እንዳታቋርጪ።

ጡት የምታጠቡ ደግሞ ይሄ ሁሉ የጻፍኩት ለእናንተ ክኒን አይሠራም። የእናንተው አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ነው፣ ቡናማ የለውም፣ ሁሉም ፍሬ መድኃኒት ነው፣ ስለዚህ ያለ እረፍት ይወሰዳል። ሰዓቱ ጥብቅ ነው። ከተለመደው ሰዓት 3 ሰዓት ካለፈ ወዲያው ዋጪና 2 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። የጎረቤትሽን ፓኬት ተበድረሽ እንዳትጀምሪ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከወለድሽ 6 ወር ሳይሞላሽ ጡት እያጠባሽ ባለሁለት ሆርሞኑ አይመከርም።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያንቺ ጉዳይ መርሳት አይደለም። አንቺ አልረሳሽም፣ ፈርተሽ ነው ትተሽው የሄድሽው። ሰዓት በስልክ ሙዪ ብዬሽ ብሸኝሽ በገና ደግሞ እዚያው ነን። ፓኬቱን ከካርቶኑ አውጪና ሞዴስ ማሸጊያ ውስጥ ክተቺው፣ ያንን ማንም አይከፍተውም። ከተቻለ ደግሞ አንድ ትርፍ ፓኬት ባለቤትሽ ጋ ሶዶ ይቀመጥ። እሱ ካወቀና ከተስማማ፣ ደብዳቤሽም የሚለው እንደዚያ ነው፣ የመደበቁን ሸክም ለብቻሽ ለምን ትሸከሚዋለሽ? እናቱ ናቸው፣ ከእናቱ ጋር የሚያወራው እሱ ይሁን፤ ወይም አይንገራቸው፣ ግን ፓኬቱ እሱ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። መቼ ልጅ ትወልዳላችሁ የሚለው ጥያቄ የሁለታችሁ ነው።

ስለ ስልኩም ልበል፣ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አያለሁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዲያስታውስሽ ስትፈልጊ ስልኩ ላይ 21:00 ብለሽ ነው የምትሞይው። 3:00 ብለሽ ከሞላሽው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጮሃል፣ ትዘጊዋለሽ፣ ትተኛለሽ። ሺፍትሽ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ በጠዋቱም በከሰዓቱም ሺፍት ቤት የምትሆኚበትን ሰዓት ምረጪ፣ ከመተኛትሽ በፊት ያለውን ለምሳሌ። አብረውሽ ከሚኖሩት አንዷ ፒልስ የምትወስድ ከሆነ አንድ ሰዓት ላይ አብራችሁ ዋጡ።

ይሄ ሁሉ ከከበደሽ ግን ክኒን ላንቺ ኑሮ ላይሆን ይችላል፣ ያም ምንም ነውር የለውም። በየጊዜው ከተማ የምትቀይር፣ ሺፍቷ የሚለዋወጥ፣ ፓኬት የምትደብቅ ሴት በየቀኑ እንድታስታውስ መጠበቅ ብዙ ነው። ዴፖ፣ መርፌው፣ በ3 ወር አንዴ ነው፣ ምንም ምልክት አይተውም፣ ቦርሳ ውስጥም የሚገኝ ነገር የለም፤ ካቆምሽው በኋላ ለማርገዝ ግን ጥቂት ወራት ሊያዘገይሽ ይችላል፣ ገንዘብ እንደያዛችሁ መውለድ ካሰባችሁ ይሄን አስቢበት። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል እንደ ዓይነቱ፣ ሲወጣ ወዲያው ማርገዝ ይቻላል፣ በእጅ ሲነካ ግን ይታወቃል። ሉፕን ነግሬሻለሁ። የወር አበባ መዛባት በዴፖም በሚቀበረውም ይመጣል፣ ቀድመሽ እወቂው። ሁሉም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሚሰጠው። ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብለሽ ግቢ፣ ኮንዶምም እዚያው ትወስጃለሽ። ባለሙያዋ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሚግሬን፣ እግር ላይ ደም ረግቶብሽ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት፣ ለአንዳንድ ሴት ባለሁለት ሆርሞኑ ፒልስ ጭራሽ የማይሆን ስለሆነ ነው።

ማክሰኞ ማታ ወስጃለሁ ብለሽ መልሰሽልኛል፣ አላስመለሰኝም ብለሻል፣ ጥሩ ነው። ባለቤትሽ የሚመጣው ከ7 ቀኑ በፊት ከሆነ አሁኑኑ ደውይና ንገሪው፣ ኮንዶም ይዞ ይምጣ። ምርመራውን ያደረግሽ ቀን ውጤቱ የትኛውም ቢሆን ጻፊልኝ።